ከሰሜን ሸዋ ክፉ ቀኖች ለልጆቹ የትኛውን እናስቀድም?

የጠባሴው መምህር (ጥያቄ አቅራቢ)

ሰላም ወገን። ደብረ ብርሃን ታሪክ አስተምራለሁ። የትምህርት ቤታችን የታሪክ ክበብ አንድ ግድግዳ ተፈቅዶለታል። ርዕሱን የመረጡት ልጆቹ ናቸው፤ «አካባቢያችን ያሳለፋቸው ክፉ ቀኖች»። ግድግዳው ስድስት ትልልቅ ካርቶን ይይዛል፤ ከዚያ በላይ ቦታ የለም።

ልጆቹ ያመጡት ዝርዝር ከሞላ ጎደል ጦርነት ነው። ግራኝ ደብረ ሊባኖስን ያቃጠለበት፣ ቴዎድሮስ ሸዋ የገቡበት፣ ሰገሌ፣ ጣሊያን። አንዲት ልጅ ብቻ ስለ ረሃብ ጽፋ መጣች። እሷንም «ረሃብ የወሎ ነው እንጂ የኛ አይደለም» ብለው ሊያባርሯት ነበር።

እኔ የታዘብኩት ይህን ነው። መከራ የሚታወሰው የሚረገም ሰው ሲኖረው ነው። ጠላት ስም ካለው ታሪኩ ይነገራል፣ ይዘፈናል፣ ሐውልት ይቆምለታል። ጠላት የሌለው መከራ ግን ያዩት ሰዎች ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። 1953 ዓ.ምን እዩልኝ። የታህሳሱን ግርግር የማያውቅ ተማሪ የለኝም። መንግሥቱና ገርማሜ ንዋይ፣ የክብር ዘበኛ፣ ቤተ መንግሥት ውስጥ የተገደሉት መኳንንት፣ ሁሉን ይነግሩሃል። ከሟቾቹ አንዱ ራስ አበበ አረጋይ ናቸው፤ አምስቱን ዓመት እዚሁ ሸዋ ዱር ያደሩ አርበኛ። በዚያው በ1953፣ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ክረምቱ፣ ካራቆሬና ማጀቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ተናወጡ። ማጀቴ ጨርሳ ፈረሰች። ክፍል ውስጥ ስጠይቅ አንድም ልጅ አልሰማም። ጎረቤት አገር ነው እኮ፤ አውቶቡስ ይዘህ ቁርስ በልተህ ብትነሳ ለምሳ የምትደርስበት።

እናንተ ብትሆኑ የትኞቹን ስድስት ትሰቅላላችሁ? ለምን?

የመንዝ ባና

ጥሩ ጥያቄ ነው መምህር። ለኔ ግን አንደኛው ዘረት ነው፤ ለድርድር አይቀርብም።

ለማያውቁት ባጭሩ። ሚያዝያ 1931 ዓ.ም. ነው። የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ስንቅ፣ ቁስለኛ፣ ሚስትና ልጆች መንዝ ዘረት አጠገብ አንድ ትልቅ ዋሻ ውስጥ ተጠግተዋል። መሪያቸው ተሾመ ሻንቁጥ ነበሩ። ጣሊያን ዋሻውን ከበበ። በመድፍ ሲያቅተው የሰናፍጭ ጋዝ አስገባ። ቆዳ የሚልጥ፣ ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ነው። እጃቸውን ሰጥተው የወጡትን ወንዶች ገደል አፋፍ አሰልፎ ረሸናቸው። የራሱ የጣሊያን ጦር ሰነድ የሚቆጥረው 800 ያህል ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ ነው የሚሉ አሉ።

አንድ ጣሊያናዊ ተመራማሪ፣ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ፣ ሰነዱን አግኝቶ በ1998 ዓ.ም. ዋሻው ድረስ ሄደ። አጥንቱ እዚያው ነበር። ዓለም «ተገኘ» ብሎ ጻፈ። ያገሬው ሰው ግን መቼ ጠፍቶበት ያውቃል? እረኛው ሁሉ ያውቀዋል። ልጅ ሆነን ወደዚያ ዋሻ ጥጃ ሲገባብን ለማውጣት እንፈራ ነበር። ለመንግሥት ነው እንጂ የጠፋው ለኛ አልጠፋም።

ስለዚህ «ጠላት ያለው መከራ ይታወሳል» ያልከው አልዋጥ ብሎኛል። ከዚህ የባሰ ጠላት ከየት ይምጣ? ታዲያ ለምን ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ አልጠቀሰውም?

ሰላሌ ማዶ

ባናን እደግፋለሁ። የደብረ ሊባኖስንም ጨምሩ። የካቲት 12 ቀን 1929 አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወረወሩ። ሦስት ወር ቆይቶ ግራዚያኒ «መነኮሳቱ እጃቸው አለበት» አለ። የተመረጠው ቀን ተክለ ሃይማኖት ነው፤ ግንቦት 12፣ ገዳሙ በምዕመን የሚሞላበት። ጄኔራል ማሌቲ ከበባቸው። በማግስቱ በካሚዮን እየጫነ ወስዶ ረሸናቸው። ግራዚያኒ ለሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች ብሎ ቆጥሯል። ኋላ ቦታው ላይ ያጠኑ ሰዎች እስከ 2,000 ይደርሳል ይላሉ።

አሁን መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዲያቆናቱስ የት ተገደሉ?

የጠባሴው መምህር

እንገጫ። እዚሁ ደብረ ብርሃን አጠገብ። 129 ዲያቆናት፣ እንደ ግራዚያኒ ቆጠራ። መጀመሪያ ተለይተው ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ፤ ከዚያ ቀናት ቆይቶ «እነሱም» የሚል ትእዛዝ መጣ።

ያልከኝ ገብቶኛል። ደብረ ሊባኖስን ሁሉም ያውቃል፣ እንገጫን ከተማዬ ውስጥ ያለ ተማሪ አያውቅም። አንድ ጠላት፣ አንድ ትእዛዝ፣ አንድ ሳምንት ነው። ስለዚህ ጠላት መኖሩ ብቻውን አይበቃም ማለትህ ነው። ተራኪም ያስፈልገዋል። ደብረ ሊባኖስ ገዳም ነው፣ በየዓመቱ ሕዝብ ይሄዳል፣ ይነገራል። እንገጫ ሜዳ ነው።

ይህን ወደ ሐሳቤ እጨምረዋለሁ፤ ሐሳቤን ግን አልተውም።

ወሎዬ ነኝ ምን ታመጣላችሁ

ሰገሌን ማን ሊጽፈው ነው? እናንተ ብቻችሁን እንዳትጽፉት።

የአያቴ አባት ከንጉሥ ሚካኤል ጋር ዘምቶ አልተመለሰም። አያቴ ያገባችው ደግሞ የተጉለት ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ ሰገሌ ሲነሳ ወሬ ይቀየር ነበር፤ «ቡናው ቀዘቀዘ እኮ» ይባልና ይታለፋል። እኔ ታሪኩን ያወቅሁት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ወረዱ። ጥቅምት 9 ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ገጠሙ። ራስ ልዑል ሰገድ ሞቱ፣ ጦራቸውም አለቀ። ቀጥ ብለው አዲስ አበባ መግባት ይችሉ ነበር ይባላል። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ግን በደብዳቤ አዘናጉና ጊዜ ገዙ። ጥቅምት 17 ቀን፣ አርብ፣ ሰገሌ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ንጉሡ ተማረኩ፣ ልጃቸው ከአንኮበር ወደ አፋር ሸሹ።

በሁለቱም ወገን የሞተው ገበሬ ነው። አማርኛ የሚናገር፣ አንድ ገበያ የሚገበያይ። አሁን ቀኑን ማን ያስባል? ሸዋ አሸንፎ ምን ብሎ ይፎክር? ወሎ ተሸንፎ ምን ብሎ ያልቅስ? ዘመድህን ገድለህ ሐውልት አታቆምም።

ጋሼ አንኮበር

ልጆች፣ ጥሩ ይዛችኋል። እኔ ሰባውን ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ የምጽፈውም በልጅ ልጄ ስልክ ነው፣ ፊደል ብገድፍ አትፍረዱ።

መምህር ሆይ፣ ያቺ ስለ ረሃብ የጻፈች ልጅ ብልህ ናት። «ረሃብ የወሎ ነው» ያሏት ልጆች አያታቸውን አልጠየቁም። ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 እስከ 1884 ያለው ነው። ጣሊያን በምፅዋ በኩል ለጦሩ ያስገባው ከብት በሽታ ይዞ መጣ። ከሐማሴን ተነሳ፣ ትግራይን፣ ወሎን አቋርጦ ሸዋ ገባ። ከመቶ ከብት ዘጠናው አለቀ ይላሉ። በሬ ከሌለ ምን ይታረሳል? በዚያ ላይ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና ተምች መጣ። ካገሩ ሕዝብ ሲሶው አለቀ የሚሉ የታሪክ ሰዎች አሉ። ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል፤ መኳንንቱ አይተው እንዳያፍሩ።

በእኛ ቤት የቀረ አንድ ሥርዓት ነበር። እናቴ ከጎታው ግርጌ አንድ ቁና የሚሆን ገብስ አትነካም። አዲሱ እሸት ደርሶ፣ ተወቅቶ፣ ጎተራ እስኪገባ ያ ገብስ እንዳለ ይቀመጣል። ከዚያ ነው የምታወጣው። ነቀዝ በልቶት ዱቄት ሆኖም ቢሆን ታወጣዋለች እንጂ ቀድማ አትነካውም። እንግዳ መጥቶ፣ ቤት ውስጥ ዱቄት አልቆ፣ ጎረቤት ሄዳ ስትበደር አይቻለሁ፤ ያቺ ገብስ እዚያው እያለች። አንድ ቀን «እማዬ ለምን?» አልኳት። «አያቴ እንዲህ ታደርግ ነበር» አለችኝ። ከዚያ በላይ እሷም አታውቅም። እኔ ነኝ በኋላ ዕድሜውን አስልቼ የደረስኩበት፤ የእናቴ አያት ክፉ ቀንን በልጅነቷ ያየች ነች።

ስለ አንኮበር ደግሞ ላንሳ። በሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ በ1834 ዓ.ም. ግድም፣ ተራራው ተንዶ ብዙ ቤት ወስዷል። የእንግሊዝ መልእክተኞች በዚያን ጊዜ አገራችን ስለነበሩ ጽፈውታል። የኛ ሰው የጻፈው እኔ አላየሁም። የምድር ነገር በዚህ ገደል ላይ አዲስ አይደለም።

የመንዝ ባና

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። እናታችን ያደረጉት በእኛም ዘንድ ነበር፣ በሌላ መልኩ። ጓሳ፤ የመንዝ የሣር ተራራ ነው። ሣሩ በ«ቀሮ» ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። ለዓመታት ይዘጋል፣ የሚጠብቅ አባት ይመረጥለታል፣ ድርቅ ሲጠና ይከፈታል። ለከብቱ መኖ፣ ለቤቱ ክዳን፣ ለገበያ ገመድ። 1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ። ሰዎቹ ቆይተው በሌላ መልክ መልሰው አቆሙት እንጂ ጓሳ ዛሬ ባዶ ተራራ ይሆን ነበር።

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ ጋሼ፣ ላስቸግርዎ አይደለም። ግን ከክፉ ቀን በኋላ ሸዋ እንደገና በሬ ያገኘው ከየት ነው?

ጋሼ አንኮበር

ልጄ፣ የምትጠይቀው ገብቶኛል። ከደቡብ ነው። በ1887 ወላይታ ሲዘመት ብዙ ሺህ ከብት ተነድቶ መጥቷል። የወላይታው ንጉሥ ካዎ ጦና ተማርኮ፣ አገሩ ተዘርፎ። ያንን የሚያስታውሰው የወላይታ ሰው ነው፤ እኛ ዘንድ በሬው ብቻ ነው የደረሰው። ይጻፍ ካላችሁ ይጻፍ። እኔ አልቃወምም።

ጥያቄ አለኝ

እናመሰግናለን ጋሼ። ብዙ ሰው ይህን ሲጠየቅ ይቆጣል።

ሰላሌ ማዶ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ከክፉ ቀን በኋላ ነው ምኒልክ አስራት የደነገጉት። ከዚያ በፊት ወታደሩ ገበሬ ቤት ሰፍሮ ነበር የሚበላው። ቤት ያፈራውን፣ ሚስትየዋ ለልጆቿ ያስቀመጠችውን። ሰላም በሚባለው ዓመት እንኳ! ገበሬው ከአስር አንድ ይክፈልና ወታደሩ ከቤቱ ይውጣለት ነው ነገሩ። ሁሌ ተከብሯል ወይ ብትሉኝ ሌላ ጥያቄ ነው።

ስለዚህ መምህር «ጦርነት» እና «ረሃብ» ብለህ ሁለት ካርቶን ለይተህ ባትሰቅል ይሻላል። አንድ ናቸው። ሰገሌም ጥቅምት ነው፣ ገብሱ ሊታጨድ ሲል። ሁለት ትልልቅ ጦር በመንዝና በተጉለት ሲያልፍ አዝመራው ምን እንደሚሆን ለገበሬ ልጅ አይነገርም።

ነርሷ ከሸዋሮቢት

እኔ መምህሩን ልቃወም ነው የመጣሁት 😊

«ጠላት የሌለው መከራ ይረሳል» ብለሃል። ኅዳር 12ን ረሳኸው? በየዓመቱ ሰፈሩ ሁሉ ቆሻሻ ጠርጎ ያቃጥላል። ጭሱ ዓይን ያጠፋል፣ አስም ያለበት ሰው ያን ቀን እኛ ጋ ይመጣል (በሙያዬ ብዙም አልወደውም)። ያ ልማድ የመጣው ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ ነው። ከዓለም ጦርነት ጋር የዞረው ኢንፍሉዌንዛ። አዲስ አበባ ላይ ብቻ ወደ 10,000 ሰው ሞቷል ይባላል። ቀባሪ እስኪጠፋ። የሚረገም ሰው የለውም፣ ሐውልት የለውም። ግን ከመቶ ዓመት በላይ ሆነውም እጃችን ያስታውሰዋል።

የጋሼ እናት ገብስም እንደዚያው ነው። መርሳት አይደለም። ምክንያቱ ተረስቶ ሥራው ቀረ።

የጠባሴው መምህር

እህቴ፣ ይሄ ጥሩ አድርጎ ይዞኛል። ግን ተማሪው ኅዳር 12 ቆሻሻ ሲያቃጥል «ሚካኤል ስለሆነ ነው» ይልሃል። ሥራው ቀርቶ ምክንያቱ ከጠፋ፣ በሽታው ሲመለስ ያ ጭስ ምን ይጠቅመዋል? በ2012 ኮሮና ሲመጣ ስንቱ ነው «እንዲህ ያለ ታይቶ አይታወቅም» ያለው።

ኤፍራታ

የ1953ቱን መንቀጥቀጥ ያነሳኸው አስገርሞኛል። እኔ አጣዬ ነው ያደግሁት፣ እናቴ ማጀቴ ናት። ስለሱ አባቴ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ልጅ ነበር። ሌሊት ቤት ውስጥ መተኛት ቀርቶ ሕዝቡ ሜዳ ላይ እንደሚያድር፣ ክረምቱ እንደገባባቸው፣ ዝናቡና መንቀጥቀጡ አብሮ። ለወራት ነው የቆየው፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ዋናው የሰሜን መንገድ፣ ወደ ደሴና አስመራ የሚሄደው፣ ካራቆሬ አካባቢ ተሰነጠቀ። የዩኒቨርሲቲው የጂኦፊዚክስ ጣቢያ ያኔ ጥቂት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ካናዳዊው ቄስ ፒየር ጉዋን ናቸው መዝግበው ያቆዩት። ትልቁ ከ6 ማግኒትዩድ በላይ ነው።

እና በ1917 ምን ሆነ? የፈንታሌና የዶፈን መሬት ከመስከረም ጀምሮ ሲንቀጠቀጥ፣ በተለይ ታህሳስ መጨረሻ ላይ፣ እኛ ዘንድ ቤቱ ይወዛወዛል፣ ሳህን ከመደርደሪያ ይወርዳል። ሰው ሁሉ «በአገራችን ታይቶ የማይታወቅ» እያለ ይጽፋል። ታይቷል! አባቴ እዚያው ተቀምጦ «እኛ ሜዳ አድረናል እኮ» ይላል፤ የሚሰማው የለም። ስልክ ላይ የሚዞረውን ወሬ ነው ሰው የሚያምነው።

ይሄ የታሪክ ፍቅር ብቻ አይደለም። ማጀቴ ላይ የወደቀው ድንጋይና ጭቃ ብቻ የነበረ ቤት ነው። እንጨት ያለው፣ ማገር የበዛበት ጎጆ ይወዛወዛል እንጂ ሰው ላይ ቶሎ አይናድም። አባቴ ቤት ሲሠራ ግንበኛውን ያስጨነቀው ለዚህ ነበር። ሰፈሩ «ቀብራራ ሽማግሌ» ይለዋል።

ወሎዬ ነኝ ምን ታመጣላችሁ

ኤፍራታ፣ አጣዬ ነኝ ብለሃል። ካልከበደህ፣ የ2013ቱንስ ግድግዳው ላይ ትሰቅለዋለህ?

አወያይ

ከመቀጠሉ በፊት፦ የቅርቡን ማንሳት አይከለከልም። ብሔር ለይቶ መስደብ፣ «እነሱ ናቸው» እያሉ ሕዝብን በጅምላ መክሰስ ይሰረዛል። ሁለት መልእክት አሁን ሰርዣለሁ። ሌላ አልጨምርም።

ኤፍራታ

ችግር የለውም ወንድሜ።

አጣዬ በ2013 መጋቢት ላይ ነደደች፣ ሚያዝያ ላይ ደግሞ ተደገመ። ከሚያዝያው በኋላ ስመለስ ከተማው የቆርቆሮ ክምር ነበር። የነደደ ቆርቆሮ ቀለሙ ይቀየራል፤ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ፣ ጫፉ ላይ ዝገት። ሲነኩት እንደ ወረቀት ይሰበራል። የሱቃችን በር ቆሞ ነበር፣ ቁልፉ ተቆልፎ። ግድግዳ የለም፣ ጣሪያ የለም፤ በሩ ብቻ። እናቴ ቁልፉን ከቦርሳዋ አውጥታ ከፈተችው። በጎን መግባት ይቻል ነበር። እሷ ግን ከፍታ ነው የገባችው። ያን ቀን ስለሱ አልተነጋገርንም።

ጎረቤቶቻችን ነበሩ በሁለቱም ወገን የሞቱት። ዝም ማለት አልፈልግም፣ ግን ልጆቹ በዚህ ዕድሜያቸው ግድግዳ ላይ ቢያዩት ምን ይማራሉ? «ማን ገደለ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ጎረቤት ጎረቤቱን መውቀስ ያኔ ነው የሚጀመረው። መምህሩ ስለ ጠላት ያለው እዚህ ላይ ገልብጦ ይሠራል። ጠላት ስታበጅለት ይታወሳል፤ ሲታወስ ደግሞ ይደገማል።

ይቆይ እላለሁ። ይጻፍ፣ ይመዝገብ፣ ስም በስም ይቀመጥ። ግድግዳው ላይ ግን ይቆይ።

ነርሷ ከሸዋሮቢት

በኔ በኩል ይሰቀል ባይ ነኝ። ኅዳር 2014 የሰሜኑ ጦርነት እኛ ጋ ሲደርስ በሽተኛ ትተን ነው የወጣን። አርማንያን አልፈን ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ደብረ ሲናም አልበቃ ብሎ ወደ ላይ ወደ ጣርማበር። ወር ሳይሞላ ተመለስን፤ ያየነውን ግን አሁንም አንናገርም። የዛሬ ሃምሳ ዓመት አንድ መምህር «ሸዋሮቢት ላይ ምን ሆነ?» ብሎ ሲጠይቅ እጅ የሚያነሳ ልጅ ይጥፋ?

የመንዝ ባና

ጣርማበርን ስታነሺ፤ ያን መሿለኪያ የሠራው ጣሊያን ነው፤ ጦሩን ከቆላ ወደ ደጋ ሊያሻግርበት። ከዚያ በኋላ የመጣ ሁሉ ወይ ሊይዘው ወይ ሊጠብቀው ተዋግቶበታል። እኛ ደግሞ ሽንኩርት እንጭንበታለን።

ሰላሌ ማዶ

ከኤፍራታ ጋር ነኝ በአንድ ነገር። የቅርቡን ለመስቀል ቢያንስ የሁለቱም ወገን ቤተሰብ ተጠይቆ መሆን አለበት። አንድ ወገን ብቻ የጻፈው ግድግዳ በማግስቱ ይቀደዳል፤ ባይቀደድም የሚቀደደው ሌላ ነው።

የጠባሴው መምህር

ብዙ ተማርኩ። ለራሴ ይህን ወስኛለሁ፣ ልጆቹ ካልተቃወሙ፦

ክፉ ቀን አንድ ካርቶን ይይዛል። በጋሼ እናት ገብስ እጀምረዋለሁ፣ ከታች ደግሞ የወላይታው በሬ ይገባል። ያቺው ስለ ረሃብ የጻፈችው ልጅ ትሠራዋለች። እንገጫና ደብረ ሊባኖስ በአንድ ላይ። ዘረት ለብቻው፤ ባና ፎቶ ካለህ ላክልኝ። ሰገሌን የወሎና የሸዋ ቤተሰብ ያላቸው ሁለት ተማሪዎች አሉኝ፣ አብረው ይጽፉታል፤ ከተጣሉ እኔ አለሁ። የኅዳር በሽታ አምስተኛ። ካራቆሬ ስድስተኛ።

ግራኝና ቴዎድሮስ ወጡ። የመማሪያ መጽሐፉ ላይ አሉ፣ ከዚያ አያልፉም።

የ2013ና የ2014ን ግድግዳው ላይ አላወጣም። ግን ልጆቹ ቤታቸው ሄደው እንዲጠይቁና እንዲጽፉ አደርጋለሁ። የተጻፈውን በፖስታ አሽገን ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እናስቀምጣለን። ነርሷ፣ ይሄ ላንቺ በቂ እንደማይሆን አውቃለሁ።

ነርሷ ከሸዋሮቢት

አይበቃም። ግን ፖስታው ከምንም ይሻላል። የኔንም አስገባልኝ፣ እጽፋለሁ።

ወሎዬ ነኝ ምን ታመጣላችሁ

የሰገሌው ላይ «ከሃዲ» የሚል ቃል እንዳይገባ። በሁለቱም በኩል። ይቺን ብቻ።

ጋሼ አንኮበር

ጥሩ ነው። ልጆቹ ሲጨርሱ አስጠሩኝ፣ ብርድ ካልጠናብኝ እመጣለሁ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ የማይጠናበት ቀን ካለ ማለቴ ነው።

የጠባሴው መምህር

ጋሼ፣ መኪና እንልክልዎታለን፤ ጋቢዎን ይዘው ብቻ ይምጡ። ኤፍራታ፣ ካራቆሬን የሚሠሩት ልጆች አባትህን በስልክ መጠየቅ ይችላሉ? ጥያቄ አዘጋጅተዋል፤ አሥራ ሁለት ነው፣ ትንሽ በዝቷል።

ኤፍራታ

ይችላሉ፣ ደስ ይለዋል። ጥያቄውን ግን በቅድሚያ በወረቀት አትመህ ላክለት፤ በትልልቅ ፊደል። መነጽር አያደርግም። ስለ ቤት አሠራሩ የሚጠይቅ ካለ መጨረሻ ላይ አድርጉት፣ እሱን ከጀመረ ወደ ሌላው አይመለስም።